ዝቅ ያለችው ፒክ አፕ ወደ ቁመቷ ስትመለስ

የፈረስ ጋሪ በአጠገባችሁ ሲያልፍ ጎንበስ ብላችሁ ከሥሩ ተመልከቱ። በጎማውና በሳንቃው መካከል አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረቡ፣ ጫፎቻቸው ወደ ላይ የታጠፉ ዝርግ ብረቶች ታያላችሁ። እነዚህ ብረቶች ባሌስትራ ይባላሉ። ብዙዎቹ ጋሪ ላይ ከመታሠራቸው በፊት መኪና ተሸክመው የኖሩ ናቸው። ባሌስትራ ቢሰበርም ሥራው አያልቅም። ባለ እጁ ይወስደውና ማረሻ፣ መጥረቢያ ወይም ቢላዋ ይሠራበታል። «የባሌስትራ ብረት ካመጣችሁልኝ ጥሩ ማረሻ እሠራላችኋለሁ» ሲል ሰምታችሁት ይሆናል። እውነቱን ነው። ለምን እውነት እንደሆነ ኋላ እንደርስበታለን።

ቃሉ የጣሊያን ነው። ጣሊያኖች ባሌስትራ የሚሉት በእንጨት እጀታ ላይ የተገጠመውን የጥንቱን የጦር ቀስት ነበር። ፋሺስት ጣሊያን አገራችንን በያዘበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ወታደርና ጭነት የሚያመላልሱ ብዙ መኪናዎች ገቡ። ሰዎቹ ሄዱ፤ ቃላቱ ግን በየጋራዡ ቀሩ። ዛሬም መካኒኮቻችን ጎማ፣ ፍሬን፣ ቡሎን፣ ክሪክ፣ ሞላ ይላሉ። ሁሉም ከዚያው ቋንቋ የመጡ ናቸው። እኛን ከሁሉ ደስ የሚለን ባሌስትራ የሚለው ስም ነው፤ ነገሩን በትክክል ይነግረናልና። ቀስት ሲስቡት ይታጠፋል፣ ሲለቁት ወደ ቦታው ይመለሳል። የመኪናውም ብረት እንዲሁ ነው። ጭነት ሲጫነው ይዘረጋል፤ ጭነቱ ሲወርድለት ተመልሶ ይጎብጣል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። አምስት ስድስት ስስ ብረት ከመደራረብ ለምን አንድ ወፍራም ብረት አያደርጉም? ነገሩ እንዲህ ነው። አንድን ብረት ለማጠፍ የሚያስፈልገው ኃይል ከውፍረቱ ጋር እኩል አያድግም። ውፍረቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ብረቱ የሚያስቸግረው ስምንት እጥፍ ነው። ሁለት ስስ ብረቶች ብትደራርቡ ግን ችግሩ ሁለት እጥፍ ብቻ ይሆናል፤ ምክንያቱም አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተተ ይታጠፋል። ስለዚህ አንድ ወፍራም ብረት እንደ ግድግዳ ደርቆ መኪናውን ያንገጫግጨዋል፤ በግድ ሲታጠፍም ይሰነጠቃል። ስስ ብረቶች ተደራርበው ግን ሸክሙን ይከፋፈሉታል፣ ይታጠፋሉ፣ ይመለሳሉ። ከሁሉ ረጅሙ ዋናው ብረት ይባላል። ሁለቱ ጫፎቹ እንደ ቀለበት ተጠቅልለው መኪናውን ከሚሸከመው ረጅም ብረት፣ ማለትም ከሻንሲው ጋር ይያያዛሉ። ሌሎቹ ብረቶች ከሥሩ እያጠሩ ይሄዳሉ።

አሁን ወደ ነገራችን እንግባ።

በአዲስ አበባ ደቡብ በኩል ንፋስ ስልክ ላፍቶ የሚባል ክፍለ ከተማ አለ። ንፋስ ስልክ ማለት ሽቦ ሳይዘረጋለት በአየር የሚሄድ መልእክት ማለት ነው። ጎፋ፣ መካኒሳ፣ ላፍቶ፣ ለቡ፣ ጀሞ የሚባሉት ሰፈሮች በዚሁ ክፍለ ከተማ ውስጥ ናቸው። ወደ ሰበታ፣ ወደ አለም ገናና ወደ ቡታጅራ የሚሄድ ሰው ከእነዚህ ሰፈሮች ብዙም አይርቅም። በዚህም የተነሣ ከገጠር የመጡ የጭነት መኪናዎች እዚህ ይጠገናሉ። በያጁ፣ ጎሚስታው፣ መካኒኩ ጎን ለጎን ሆነው ይሠራሉ። ከነዚህ ጋራዦች በአንዱ እኛ ተማሪዎች ጥቂት ቀናት እየተመላለስን ሥራውን ተመልክተናል። ያየነውን እንነግራችኋለን።

መኪናዋ ዳትሰን 620 የምትባል ትንሽ የጭነት መኪና ነበረች። ይህ ዓይነት ፒክ አፕ በጃፓን አገር የተሠራው ከ1964 እስከ 1971 ዓ.ም. ገደማ ነው። እንግዲህ ዕድሜዋን ቁጠሩት። ሰማያዊ ቀለም ተቀብታ፣ መስተዋቷ ተወልውሎ፣ ስትታይ ታምራለች። ነገር ግን ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም። ገዢዎቹ ከቡታጅራ አካባቢ የመጡ ሦስት ገበሬዎች ናቸው። በርበሬና በቆሎ ሊያመላልሱባት ገንዘብ አዋጥተው ገዟት። ቡታጅራ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከዋናው መንገድ ወደ ማሳቸው የሚያስገባው ደግሞ ድንጋይና ጉድጓድ ያለበት ጥርጊያ ነው። በመጀመሪያው ጉዞ የሞተሩ ኮፓ ድንጋይ መታ። ኮፓ ማለት ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ ነው። ዘይቱ እየተንጠባጠበ ጋራዡ ደረሱ።

ከሦስቱ ሽማግሌው መኪናዋን ዞር ዞር ብለው አዩና፣ «ልጄ፣ ይቺ መኪና ቆማ ነው ወይስ ተንበርክካ?» ብለው ጠየቁ።

ዋናውን መካኒክ ልጆቹ ጋሼ ይሉታል። ሳቀና፣ «አባቴ፣ ሆን ተብሎ ነው። የበፊቱ ባለቤት ለማማር ብሎ አውርዷታል» አላቸው።

«ለማማር? መሬት ለመሬት የሚሄድ እባብ አውቃለሁ። የጭነት ከብት እንዲህ ሆኖ ግን አላየሁም።»

«አይዞዎት አባቴ፣ ትነሣለች። ግን ምን ምን እንደነኩባት ሳናይ ምንም አንነካም።»

መኪናን ለማሳመር ብሎ ዝቅ ማድረግ ከየት መጣ? በአሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ በሚባለው ግዛት የሚኖሩ የሜክሲኮ ተወላጅ ወጣቶች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጀመሩት ነገር ነው። መጀመሪያ ላይ የአሸዋ ከረጢት በዕቃ መጫኛው ውስጥ እየጫኑ መኪናው እንዲያጎነብስ ያደርጉ ነበር። አሸዋ የሚያህል ነገር ያለ ዋጋ ተሸክሞ መዞር ለገበሬ የሚገባ ነገር አይደለም፤ ቢሆንም አደረጉት። ኋላ ሞላውን መቁረጥ ጀመሩ። በ1958 እ.ኤ.አ. የግዛቱ ሕግ ማንኛውም የመኪና አካል ከቸርኬው ታችኛ ጠርዝ በታች እንዳይወርድ ከለከለ። ቸርኬ ጎማው የሚጠልቅበት ብረት ነው። ሕጉ ያለ ምክንያት አልወጣም፤ ጎማ ቢተነፍስ የመኪናው ሆድ አስፋልቱን ያርሳልና። እኛ ማማርን አንነቅፍም። ከተማ ውስጥ በለሰለሰ አስፋልት ላይ ባዶዋን ለምትዞር መኪና የባለቤቱ ጉዳይ ነው። በቆሎ ለምትጭን መኪና ግን ሌላ ነገር ነው።

መካኒኩ መጀመሪያ ያነሣው ክሪክ ሳይሆን ሜትር ነበር። መኪናዋን ባዶዋን ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ አቆማት። ጎማዎቹ እኩል መነፋታቸውን አየ። ከዚያ ከቸርኬው እምብርት እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለካ። ፓራፋንጎ ማለት ከጎማው በላይ ያለው ጭቃ መከላከያ ቆርቆሮ ነው። ከመሬት ያልለካው ለምንድን ነው? ጎማ ትልቅም ትንሽም ሊሆን ስለሚችል ነው። ከእምብርቱ ከተለካ ግን የጎማው ትልቅነት አያሳስትም። አራቱንም ጎማ ለክቶ በወረቀት ጻፈ። ቀጥሎ ያልተነካካች የዚችው ዓይነት ዳትሰን ያለው ደንበኛ ጠራና የእሷንም ለካ። ከኋላ ልዩነቱ 7 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ከፊት 5 ሳንቲ ሜትር። አስተውሉ፤ «ዝቅ ብላለች» ማለትና «7 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብላለች» ማለት አንድ አይደለም። የመጀመሪያው አስተያየት ነው፤ ሁለተኛው ወደ ሥራ ያስገባል።

7 ሳንቲ ሜትር ከኋላ እንዴት ጠፋ? ጎማዎቹን ከግራና ከቀኝ የሚያያይዘው ወፍራም ብረት አክስል ይባላል። በዚች መኪና ባሌስትራው ያለው ከአክስሉ ሥር ነው። የአወረዳት ሰው በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል የ5 ሳንቲ ሜትር ብረት ታኮ አስገብቷል። አክስሉ ወደ ላይ ሲገፋ የመኪናው አካል ወደ ታች ይወርዳል። ያ አልበቃው ብሎ ከየጎኑ አንድ አንድ ዝርግ ብረት አውጥቷል። የቀረው 2 ሳንቲ ሜትር ከዚያ የመጣ ነው። (ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ በሆነበት መኪና ነገሩ ይገለበጣል፤ ያው ታኮ መኪናውን ከፍ ያደርገዋል እንጂ ዝቅ አያደርገውም። ስለዚህ የአንዱን መኪና ወሬ ሰምቶ ሌላውን መንካት አይገባም።)

አሁን አንድ ሒሳብ እንሥራ። በሻንሲው ሥር ትንሽ የጎማ ትራስ አለች። ጭነት ሲበዛና ጉድጓድ ሲገጥም አክስሉ ወደ ላይ ወጥቶ የሚያርፍባት ናት። ባዶ መኪና ላይ በአክስሉና በትራሷ መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ክፍት ቦታ አለ እንበል። 7 ሳንቲ ሜትር ስናወርዳት ስንት ይቀራል? 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ። በዚህ ላይ ጥቂት ኩንታል ስንጭንባት ባሌስትራው ይዘረጋና አክስሉ ትራሷ ላይ ይተኛል። ከዚያ በኋላ ባሌስትራ የለም ማለት ነው። እያንዳንዱ ጉድጓድ ሻንሲውን በቀጥታ ይመታዋል። በዚች ዳትሰን ደግሞ ትራሷም ተቆርጣ ተጥላ ነበር። ብረት ከብረት ይጋጭ ስለነበር ሻንሲው ላይ የፀጉር ክር የምታህል ስንጥቅ ተገኘች። በያጁ ጫፏን በመሰርሰሪያ በስቶ፣ ስንጥቁን ሞርዶ፣ በየደ፤ ከላይም የብረት ልባስ ጨመረላት። ጫፏን መብሳቱ ስንጥቁ ወደፊት እንዳይሄድ ይገታዋል።

የበለጠ የሚያስፈራው የፍሬኑ ጉዳይ ነው። በአንዳንድ ፒክ አፖች ከኋላ አክስል ጋር በቀጭን ዘንግ የተያያዘ የፍሬን ማከፋፈያ አለ። ሥራው ብልህ ነው። መኪናው ባዶ ሲሆን የኋላ ጎማዎች መሬቱን በደንብ አይረግጡም፤ ስለዚህ ለኋላው ፍሬን ጥቂት ኃይል ይሰጣል። ጭነት ሲበዛ መኪናው ይወርዳል፣ ዘንጉም ይንቀሳቀሳል፣ ማከፋፈያውም «አሁን ተጭኗል» ብሎ ለኋላው ብዙ ኃይል ይለቃል። ታዲያ ባዶዋን መኪና በታኮ ብናወርዳት ምን ይሆናል? ማከፋፈያው ይታለላል። ባዶ ሆና ሳለ ጭነት ያለባት ይመስለዋል። ሹፌሩ በዝናብ ጊዜ ፍሬን ሲረግጥ የኋላ ጎማዎች ቀድመው ይታሠራሉ፣ መኪናዋም ኋላዋ ወደ ፊት ይዞራል። ስለዚህ ማከፋፈያ ያለበት መኪና ወደ ቁመቱ ሲመለስ ዘንጉም ወደ ልኩ መመለስ አለበት። አውርዶ የሸጠው ሰው ዘንጉን አጣሞት ወይም ነቅሎት እንደሆነ መታየት አለበት። የፍሬን ዘይት የሚያልፍበትን የጎማ ቱቦም መመልከት ያስፈልጋል። መኪናው ዝቅ ሲል አጭር ቱቦ ከገባለት፣ ከፍ ሲል ይወጠርና ይበጠሳል።

ወደ ሥራው እንመለስ። የፊት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ ተደረገባቸው። ኋላው በክሪክ ተነሣና ሻንሲው በጠንካራ የብረት መቆሚያ ላይ አረፈ። እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እንናገር። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር መግባት ሞት ነው። ክሪክ ያነሣል እንጂ ይዞ ለማቆየት አልተሠራም፤ ይንሸራተታል፣ ዘይቱ ያመልጣል። ድንጋይ መደርደርም አይሆንም፤ ድንጋይ ሳይታሰብ ይፈረከሳል። በጥርጊያ መንገድ ላይ ጎማ ስትቀይሩም ይህን አትርሱ። ያለው ክሪክ ብቻ ከሆነ እጅና እግራችሁን ከሥሯ አውጡ። ሁለተኛ ጎማ ከሻንሲው ሥር አስተኝታችሁ ብትሠሩም መጠነኛ ጥበቃ ይሆናል።

መቆሚያው ላይ ካረፈች በኋላ አክስሉን በሌላ ክሪክ ደገፉት። አሞርዛተሮቹን ፈቱ። አሞርዛተር ባሌስትራው እንደ ፈረስ እንዳይዘል የሚያበርደው በዘይት የተሞላ ቱቦ ነው። ከዚያ አክስሉንና ባሌስትራውን አቅፈው የያዙትን፣ በፈረስ ኮቴ ቅርጽ የታጠፉትን ቡሎኖች ዳዶ አላሉ። አክስሉን ቀስ ብለው ሲለዩት ታኮው ወጣ። አንዱ ልጅ አንሥቶ መዘነውና «ይህን ተሸክማ ነው ስትዞር የኖረችው!» አለ።

ታኮው ሲወጣ ሥራው ያለቀ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ሁለት ነገር ግን ይቀራል። አንደኛ፣ ባሌስትራውን መካከል ለመካከል የሚያሥር ቡሎን አለ። የዚያ ቡሎን ራስ አክስሉ ላይ ባለው ቀዳዳ ውስጥ በትክክል መግባት አለበት። ካልገባ አክስሉ ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ይሸሻል፤ መኪናውም እንደሚሮጥ ውሻ ጎኑን እየሰጠ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ ታኮ ሲገባ ረጃጅም ቡሎኖች ገብተዋል። ታኮው ወጥቶ እነዚያው ረጃጅም ቡሎኖች ከተመለሱ ዳዶው ጥርሱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ይደርስና ይቆማል። ለሚያጠብቀው ሰው የጠበቀ ይመስለዋል። ባሌስትራው ግን አልተያዘም። እንዲህ ያለ መኪና ዛሬ ደህና ነው፣ ነገም ደህና ነው፤ አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ አክስሉ ይከዳል። ስለዚህ ልኩን የጠበቀ አዲስ ቡሎን ይገዛል። አሮጌው ልኩ ትክክል ቢሆን እንኳ አንዴ ተወጥሮ የኖረ ነውና ቢቀየር ይሻላል። ዋጋውም ከባሌስትራው ዋጋ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው።

የጎደሉት ዝርግ ብረቶችስ? እዚህ ላይ ክርክር ተነሣ። ከገበሬዎቹ ወጣቱ፣ «ያሉትን በእሳት አግለን ብናጎብጣቸውስ? የእኛ አገር ባለ እጅ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል» አለ። መካኒኩ ባሌስትራውን አገላበጠና በግራው ዋና ብረት ላይ ጠቆር ብሎ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ምልክት አሳየው። «እንዳልከው አድርገውታል። ለዚህ ነው በግራ በኩል ያጎነበሰችው» አለው።

ቃል የገባነው እዚህ ላይ ነው። የባሌስትራ ብረት ተራ ብረት አይደለም። ከመቶ እጅ ከግማሽ እጅ ብዙም የማይበልጥ ካርቦን፣ ማለትም የከሰል ዘር፣ አለበት፤ ሲሊከንና ማንጋኒዝ የሚባሉ ማዕድናትም ይጨመሩበታል። በፋብሪካ ከ850 ዲግሪ በላይ ይግልና በዘይት ውስጥ በድንገት ይቀዘቅዛል። በዚህ ጊዜ በጣም ይጠነክራል፤ ነገር ግን እንደ ሸክላ ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ እንደገና ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ገደማ ይሞቅና ይበርዳል። ከዚያ በኋላ ጠንካራም ታጣፊም ይሆናል። ባለ እጁ ማረሻውን አግሎ ውኃ የሚያጠጣው በዚሁ መንገድ ነው፤ የባሌስትራ ብረት ለማረሻ የሚስማማውም ውኃ ሲጠጣ የሚጠነክር በመሆኑ ነው። ማረሻ ግን መሬት ይቆርጣል እንጂ በቀን አሥር ሺህ ጊዜ አይታጠፍም። ባሌስትራ በእሳት ግሎ ዝም ብሎ ሲቀዘቅዝ ልስልስ ይሆንና ጭነት ሲያርፍበት ተዘርግቶ ይቀራል፤ አይመለስም። በውኃ ከቀዘቀዘና መልሶ ካልሞቀ ደግሞ ይሰበራል። መበየድም እንዲሁ ነው፤ ከብየዳው ጎን ይሰነጠቃል። ሳይግል በቀዝቃዛው እየተቀጠቀጠ መጎበጡ ይሻላል፤ በእውቅ እጅ ሲሠራ ጥቂት ቁመት ይመልሳል። የተቃጠለ ብረት ግን ለባለ እጁ ይሰጣል እንጂ ወደ መኪና አይመለስም።

ስለዚህ ገበሬዎቹ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ከሚባለው የመኪና ዕቃ ገበያ ሄደው የዚችኑ ዓይነት መኪና ባሌስትራ፣ ግራና ቀኝ ሙሉውን ገዙ። አሮጌ ነው፤ ግን ያልተነካ ነው። እንዴት ተመረጠ? ብረቶቹ ተቆጠሩ። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ጉብጠታቸው እኩል መሆኑ ታየ። ከዚያ እያንዳንዱ ብረት በገመድ ተንጠልጥሎ በመዶሻ ተመታ። እናቶቻችን ገንቦ ሲገዙ በጣታቸው እንደሚመቱት ማለት ነው። ደህናው ይጮሃል፤ የተሰነጠቀው ይታፈናል። በአንድ ወገን ብቻ መቀየር አይሆንም። አንድ አዲስ ጫማና አንድ አሮጌ ጫማ አድርጎ እንደመሄድ ነው።

ከፊት በኩል ሥራው ቀላል ነበር። በዚች መኪና ፊት ባሌስትራም ሞላም የለም። በሻንሲው ጎንና ጎን የተኙ ሁለት ረጃጅም ክብ ብረቶች አሉ። ጎማው ሲነሣ ብረቱ ይጠመዘዛል፤ ሲለቀው ይፈታል። ጭነት ስታሥሩ ገመዱን በዱላ ጠምዝዛችሁ እንደምታጠብቁት አስቡት። በብረቱ አንድ ጫፍ ማስተካከያ ቡሎን አለ። አውራጁ ሰው ያንን አላልቶ ነው ያወረዳት። መካኒኩ ፊቷን አንሥቶ፣ ክብደቱን ከብረቱ ላይ አውርዶ፣ ሁለቱንም ወገን ጥቂት ጥቂት እያጠበቀ፣ እያወረደ፣ እየገፋ እያናወጠ፣ እንደገና ለካ። አራት ጊዜ ደጋገመው። ልኩ ላይ ሲደርስ አቆመ። ሽማግሌው «ትንሽ ከፍ ብትል ለድንጋዩ አይሻልም?» ቢሉት፣ «አባቴ፣ ከልኳ በላይ ካወጣኋት የመሪው ማያያዣዎች ይጣመማሉ፣ ጎማዋንም በአንድ ወገን ትበላለች» አላቸው። የእኛም አስተያየት ከእሱ ጋር ነው። የሠራት ፋብሪካ ቁመቷን የወሰነው ፍሬኑን፣ መሪውንና ጭነቱን አብሮ አስቦ ነው።

ሌላም ፈተና መጣ። በርካታ ባለ ፒክ አፖች ተጨማሪ ዝርግ ብረት ያስገባሉ። «ሦስት ብረት ጨምርልኝና ብዙ ልጫን» ይላሉ። ባሌስትራው ይሸከም ይሆናል። ነገር ግን ፍሬኑ አልተጨመረም፣ ጎማው አልተጨመረም፣ ሻንሲውም ያው ነው። ባዶ ስትሄድ ደግሞ እንደ ፍየል ትዘላለች፤ የዘለለ ጎማ ፍሬን አይዝም። ምን ያህል መጫን እንደሚገባ ማንንም መጠየቅ አያስፈልግም፤ ሊብሬው ላይ ተጽፏል። ሊብሬ የመኪናው መታወቂያ ደብተር ነው። አሁን ማንበብ ችላችኋልና መኪና ስትገዙ ወይም ስትከራዩ ተቀብላችሁ ራሳችሁ አንብቡት። የመጫን አቅሙን እዩ። የሻንሲ ቁጥሩና የሞተር ቁጥሩ በብረቱ ላይ ከተቀረጸው ጋር አንድ መሆኑንም አስተያዩ። ደላላ «ሃያ ኩንታል ትጭናለች» ቢል የሚናገረው አፉ ነው፤ ሊብሬው የሚናገረው ግን በፊደል ነው።

የመኪና ምርመራም ይህን ይመለከታል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 ነው። ቦሎ የሚለጠፈው መኪናው ታይቶ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ከወሰነ ወዲህ ደግሞ ያለውን አሮጌ መኪና መጠበቅ የሁሉም ሐሳብ ሆኗል። አሮጌ ዕቃ ሲወደድ የተነካካውን እንደ ደህና የሚሸጥ ሰው ይበዛል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ እዩ። በባሌስትራና በአክስል መካከል ታኮ አለ? የተቆረጠ ትራስ አለ? የግራና የቀኝ ብረቶች ቁጥር እኩል ነው? ዳዶው ጥርስ ጨርሷል? ይህን ለማየት መካኒክ መሆን አያስፈልግም።

ዳትሰኗ መሬት ላይ ከወረደች በኋላ የባሌስትራው ጫፍ ቡሎኖች በመጨረሻ ተጠበቁ። መጀመሪያ ያልተጠበቁት በምክንያት ነው። በቀለበቱ ውስጥ የጎማ ቡሽ አለ። መኪናው በአየር ላይ ሳለ ከተጠበቀ፣ መሬት ሲወርድ ቡሹ ተጠምዝዞ ይቀራል፣ ፈጥኖም ይበላል። ከዚያ የፊት ጎማዎች አቅጣጫ ተስተካከለ። የፊት መብራቶቹም ተስተካከሉ፤ የመኪና ቁመት ሲለወጥ ብርሃኑ ወይ ሰማይ ያያል ወይ እግሩ ሥር ይወድቃል። ሜትሩ እንደገና ወጣ። ከኋላ ግራው ከቀኙ በግማሽ ሳንቲ ሜትር ተለየ፤ መካኒኩ «ሹፌሩ ሲቀመጥ ይስተካከላል» ብሎ ሳቀ። ከ200 ወይም ከ300 ኪሎ ሜትር በኋላ የኮቴ ቅርጽ ያላቸው ቡሎኖች እንደገና እንዲጠበቁ ነገራቸው። አዲስ የታሠረ ነገር ጥቂት ይላላልና። ቡታጅራ ደርሳ ስትመለስ 260 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው የበርበሬ ጭነት ማግስት ተመልሰው መጡ። አራቱም ዳዶ በመፍቻው ሩብ ዙር ያህል ገባ።

ጥያቄዎች

1. የአንድ ፒክ አፕ ሊብሬ 8 ኩንታል ይላል። 7 ኩንታል በቆሎ ተጭኖባታል። ከበቆሎው ላይ እያንዳንዳቸው 60 ኪሎ የሚመዝኑ ሦስት ሰዎች ሊወጡ ይፈልጋሉ። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። ድምሩ ስንት ኪሎ ይሆናል? ከአቅሟ በስንት ኪሎ ይበልጣል?

2. በአክስሉና በትራሷ መካከል 9 ሳንቲ ሜትር ያላት መኪና በ6 ሳንቲ ሜትር ታኮ ዝቅ ብትል ስንት ይቀራታል?

3. በሰፈራችሁ ያለውን ባለ እጅ ጠይቁ። ማረሻ ውኃ ካጠጣ በኋላ ምን ያደርጋል? መልሱን በሦስት መስመር ጻፉ።